የሰበር ውሳኔውን ከየት ነው ያነበባችሁት?

ሰበር የመጨረሻ ፍርዶችን ለሕግ ስህተት የሚመረምረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ነው። አንድ የሰበር ውሳኔ እጃችን የሚገባው በብዙ መልክ ነው። ዳኞቹ የፈረሙበት ዋናው ጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። ማህተም የተመታበት ግልባጭ ባለጉዳዩ ጋ ይኖራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጽ በሚባሉ ተከታታይ መጻሕፍት አሳትሞ ያወጣዋል። ግለሰቦች ባዘጋጇቸው መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ በሦስት መስመር ተጨምቆ ይገኛል። ከዚያ ቴሌግራም አለ። እዚያ በፒዲኤፍም፣ በፎቶም፣ አንድ አንቀጽ ብቻ ተቆርጦም ይዞራል።

ሁሉንም «የሰበር ውሳኔ» እንላቸዋለን። አቤቱታ ላይ ስንጠቅስ ቁጥሩን ጽፈን እናልፋለን። የትኛውን እንዳነበብን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለም። ጠያቂ ከሌለ ደግሞ እኛም አናስበውም።

እኔ በምሠራበት ቢሮ ግን ጠያቂ አለ። ባሕር ዳር ውስጥ ለረጅም ዘመን ጥብቅና የቆሙት የቢሮው ባለቤት ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ረቂቅ ሲያነቡ እርሳስ ይይዛሉ። ውሳኔ የተጠቀሰበት ቦታ ሲደርሱ ኅዳጉ ላይ «የት?» ብለው ይጽፋሉ። ቁጥሩ ቢኖርም ይጽፋሉ። ገጹን ከፍተን ካላሳየናቸው ያቺ «የት?» አትጠፋም።

አሁን የማወራው ጉዳይ ደንበኛ ጣና ዳር ዓሣ የሚነግዱ እናት ናቸው። እትዬ ልበላቸው። ለዓመታት ቆሮሶና አምባዛ ሸጠው፣ ዕቁብ ጥለው ባጠራቀሙት ገንዘብ ቤት ገዙ። ውሉ የመንደር ውል ነው። ምስክሮች ፈረሙ፣ ሻጭ ፈረመ፣ እትዬ አሻራቸውን አሳረፉ። ውልና ማስረጃ የሄደ የለም። ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ቁልፉ ተሰጣቸው፣ ገብተው ኖሩ። የቤት ዋጋ ጣራ ሲነካ ሻጭ ብቅ አለ። ውሉ ስላልተመዘገበ በሕግ ፊት ውል አይባልም፣ ቤቴን ይልቀቁልኝ ብሎ ከሰሳቸው።

ሕግ ያልተማረ አንባቢ ካለ ባጭሩ ላስረዳ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቁጥር 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ልዩ ፎርም ካልተሟላ ውሉ ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። ሰበር ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በቅጽ 4 በታተመው ውሳኔ፣ ይህንን አጥብቆ ነው የያዘው። ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ረቂቅ ነው አለ። በኋላ ግን ሻጩ ውሉን ካልካደ ነገሩ በሌላ ዓይን መታየት እንዳለበት የሚያሳዩ ውሳኔዎች መጡ። ባሕር ዳር ላይ የመንደር ውል ክርክር የያዘ ጠበቃ ሁሉ በእነዚህ ሁለት አቋሞች መካከል ነው የሚመላለሰው።

እትዬ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ። ሻጭ ይግባኝ ጠየቀ። ጠበቃው 21448ን ከፊት አስቀድሞ መጣ። መልሱን እንድታረቅ የተሰጣት ረዳታችን ነበረች፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ጎበዝ ልጅ።

ረቂቁ ያምር ነበር። እውነቴን ነው፣ ቋንቋዋ የተስተካከለ፣ ነገር አያያዟ የረጋ ነው። መሃል ላይ ከአንድ የሰበር ውሳኔ የተወሰደ ሙሉ አንቀጽ በትእምርተ ጥቅስ ተቀምጧል። ገንዘብ የተቀበለ፣ ቤት ያስረከበ ሻጭ ምዝገባ አልተደረገም ብሎ ገዢን ማፈናቀል እንደማይችል በማያሻማ አማርኛ ይናገራል። ለእትዬ ጉዳይ በልክ የተሰፋ ነው። እኔም ሳነበው ደስ አለኝ።

ጋሼ እዚያ ሲደርሱ እርሳሳቸውን አነሱ።

«የኔ ልጅ፣ ይህን ከየት አገኘሽው?»

«ቴሌግራም ላይ ነው ጋሼ። ግን የሰበር ነው፣ የመዝገብ ቁጥሩም አለ።»

«ቁጥሩንማ አየሁት። ውሳኔውን አንብበሽዋል ወይ ነው የምልሽ።»

«አንቀጹን አንብቤዋለሁ።»

«አንቀጹን አላልኩሽም።»

መልሱ የሚገባው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ጊዜ አልነበረንም። ልጅቷ ወዲያው ስልኳን አውጥታ በመዝገብ ቁጥሩ ፈለገች። ሁለት ፒዲኤፍ ወጣ። አንደኛው ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና የተየበው ነው። የዳኞች ስም የለበትም፣ ጫፉም ተቆርጧል። ሁለተኛው የገጽ ፎቶዎች ጥርቅም ነው፣ ግማሹ ደብዝዟል። በሁለቱ ላይ የተጻፈው የውሳኔ ቀን አይገጥምም። ቁጥሩ አንድ፣ ቀኑ ሁለት። ይህ ብቻውን ማስደንገጥ ነበረበት።

ውሳኔው የታተመበት ቅጽ መደርደሪያችን ላይ አልነበረም። ሰው ተውሶት ሄዷል። ባጃጅ ይዤ አንድ የማውቀው ጠበቃ ቢሮ ሄድኩና ቅጹን ይዤ ተመለስኩ። ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው።

የሰበር ቅጽ ከፍቶ ለማያውቅ አንባቢ አቀማመጡን ልንገር፣ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነውና። መጀመሪያ በደማቅ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ ይመጣል፣ ሥሩ የሕግ ቁጥሮች አሉ። ቀጥሎ የመዝገብ ቁጥርና ቀን። ከዚያ የዳኞች ስም በተራ ቁጥር። አመልካች፣ ተጠሪ። ፊደሎቹ ተራርቀው «ፍ ር ድ» የሚል ርዕስ። ረጅም ሐተታ። አሁንም ፊደሎቹ ተራርቀው «ው ሳ ኔ»፣ ሥሩ ጸንቷል ወይም ተሽሯል የሚለው። መጨረሻ ላይ የማይነበብ የዳኞች ፊርማ እንዳለበት የምትገልጸው የተለመደች መስመር። አብዛኛው አንባቢ እዚያ ያቆማል። አንዳንድ ውሳኔ ግን እዚያ አያልቅም።

ይህኛው አላለቀም። ከፊርማው በኋላ ገጹን ስንገልጥ «የሐሳብ ልዩነት» ይላል። ስሙ በተራ ቁጥር የተጠቀሰ አንድ ዳኛ ከአብላጫው ጋር እንደማይስማማ ገልጾ ምክንያቱን ያስቀምጣል። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የኛ ጥቅስ አለ። ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። አብላጫው የወሰነው ደግሞ ከዚህ ተቃራኒውን ነው። ለሻጭ።

ልጅቷ ገጹን በሁለት እጇ ይዛ ደጋግማ አነበበችው። «ጋሼ፣ ይህ እኮ የተለየው ዳኛ ሐሳብ ነው» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ አልተቆጧትም። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው የኔ ልጅ። አሁን አወጣሽው» አሏትና ወንበራቸውን ሳቡ።

እንዴት እንደሆነ መገመት አይከብድም። አንድ ሰው ገጹን ወደደው፣ ፎቶ አነሳው፣ ከላይ የመዝገብ ቁጥሩን ጻፈበት። ሌላው ተቀበለ፣ ሌላው ተየበ። ማንም ለማታለል አላሰበ ይሆናል። ግን የአንድ ዳኛ ሐሳብ የአምስት ዳኞች ፍርድ ሆኖ ባሕር ዳር ደረሰ። ብንልከው ኖሮ ዳኞቹ ፊት የምናቀርበው ሰነድ እኛኑ የሚረታ ውሳኔ ነበር። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ቅጹን ከፍቶ ቢያነበው እትዬ ቤታቸውን ብቻ አይደለም የሚያጡት። ከዚያ በኋላ የምንናገረውን እውነትም ማን ያምነናል?

የልዩነት ሐሳብ አይጠቀስም እያልኩ አይደለም። ይጠቀሳል፣ ስሙ ተጠርቶ። «አብላጫው እንዲህ ወስኗል፣ በልዩነት ግን ይህ ሐሳብ ተንጸባርቋል» ተብሎ። በተለይ አሁን ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 ቀድሞ የተሰጠ አስገዳጅ የሕግ ትርጉም ሊለወጥ የሚችለው ከሰባት ባላነሱ ዳኞች በሚሰየም ችሎት ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ትርጉሙ ይለወጥ ብሎ ለሚከራከር ሰው የትናንት የልዩነት ሐሳብ ጥሩ መነሻ ነው። የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ግን ዳኛውን የሚያስገድደው አብላጫው ነው።

የዚያን ምሽት ክርክራችን ከአንቀጹ አልፎ ሄደ። ልጅቷ ከድንጋጤዋ ስትወጣ የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን ቢሮአችን ውስጥ ይነሳል። «እሺ፣ ቅጹን ብቻ እንጥቀስ ካልን፣ ያልታተመውን ምን ልናደርገው ነው?» አለች።

ልክ ናት። ድሮ በአዋጅ 454/1997 ዘመን የሰበር ትርጉም የሚያስገድደው ከተሰጠ ጀምሮ ነው ወይስ ከታተመ በኋላ ነው የሚል ክርክር ነበር። አዋጅ 1234/2013 ግን ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሕግ ትርጉም ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በየትኛውም ደረጃ ያለን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤት ያስገድዳል አለ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ባሕር ዳር ያለውን ዳኛ ዛሬውኑ ያስገድደዋል። ቅጹ ታትሞ እስኪወጣ ግን ጊዜ ይፈጃል። በዚያ መሃል ውሳኔውን የምናገኘው በምንድን ነው? በቴሌግራም ነው። ቴሌግራሙን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ክፍተቱን የሞላው እሱ ነው፣ ብዙ ጠበቃም በእሱ ነው አዲስ ነገር የሚሰማው። እኔም እከታተለዋለሁ።

የጋሼ መልስ እንዲህ ነበር። መስማት በቴሌግራም ይሁን፣ መጥቀስ ግን ዳኛው ሊያገኘው ከሚችለው ጽሑፍ ይሁን። ታትሞ ከሆነ ቅጹንና ገጹን ጻፉ። ካልታተመ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» የሚል ማህተም ያለበት ግልባጭ አውጡና ከመልሱ ጋር አያይዙ፣ ያልታተመ መሆኑንም በግልጽ ተናገሩ። ግልባጭ ማውጣት አዲስ አበባ ያለ ሰው መለመን ነው፣ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ጊዜ ከሌለስ? ያነበብነው ያልተረጋገጠ ቅጂ መሆኑን ጽፈን መዝገቡ እንዲታይ እንጠይቃለን እንጂ በትእምርተ ጥቅስ አናስቀምጠውም።

ቀኑ ላይም ቆመን ብዙ ተነጋገርን። በአንድ የመዝገብ ቁጥር ሥር የዕግድ ትዕዛዝም፣ የመጨረሻ ፍርድም ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን ብቻ የጠቀሰ ሰው የትኛውን እንዳለ አይታወቅም። ፒዲኤፎቹ ላይ ሁለት ቀን ያየነውም ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው፣ ምናልባትም የትየባ ስህተት ነው። ከቅጹ ጋር ስናመሳክር አንደኛው ብቻ ነው የገጠመው።

ስለ ማጠቃለያዎቹ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ከቴሌግራሙ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያሰጉኝ። በደማቅ የተጻፈችዋ ማጠቃለያ ቅጹ ውስጥ ስላለች የፍርዱ አካል ትመስላለች። መፈለጊያ ናት እንጂ ፍርድ አይደለችም። ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1906 ዲትሮይት ቲምበር በተባለው ጉዳይ ጠበቆች የተመረኮዙባት የውሳኔ ማጠቃለያ የፍርድ ቤቱ ሥራ እንዳልሆነች መናገር ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬም የዚያ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ማጠቃለያ ሲኖራቸው ያንን ጉዳይ ጠቅሶ የሚያስጠነቅቅ ማሳሰቢያ ከላይ ይቀመጣል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ለጠበቆች ቅደም ተከተል አውጥተዋል። ውሳኔው «ሎው ሪፖርትስ» በሚባለው ዋና ኅትመት ላይ ካለ እሱን፣ ከሌለ ቀጥለው የሚመጡትን ኅትመቶች፣ ምንም ካልታተመ ኦፊሴላዊውን ግልባጭ ጥቀስ ይላል። እንዲህ ያለ ግልጽ መመሪያ እኛም አገር ቢኖር ወጣት ጠበቃ በመሰለው አይሄድም ነበር። ይህን ከልቤ ነው የምመኘው።

ደግሞ ቅጹን መያዝ ብቻውን አያድንም። የሻጩ ጠበቃ የጠቀሰው 21448 እኮ በትክክል ታትሟል። ቅጽ 4 ላይ አለ፣ ቃሉም ትክክል ነው። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ምን ተባለ የሚለው ነው። የሰበር ትርጉም በሰበር ይለወጣል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የሕገ መንግሥት ትርጉም ጉዳይ ነው ብሎ የሰበር ውሳኔ የሻረበት ጊዜ አለ። የክልላችን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በክልል ጉዳይ ላይ ውሳኔ ይሰጣል፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ውሳኔው የፌዴራሉ ሰበር ነው ወይስ የክልሉ? ይህን ሳይለዩ «ሰበር ወስኗል» ብሎ መጻፍ አፍ ዳገት አይፈራም እንደሚባለው ነው።

የእትዬን መልስ እዚያው ቁጭ ብለን እንደገና ሠራነው። ያማረው አንቀጽ ወጣ። በምትኩ ሻጩ ራሱ በክሱ ላይ «ሸጬላት ገንዘቡን ተቀብያለሁ» ያለበትን ቃል አስቀደምን። ውሉን ያልካደ ሻጭን የሚመለከት ሌላ ውሳኔ ከቅጽ አገኘን። ይህኛውን ከላይ እስከ ታች፣ ከፊርማው ማዶ ያለውን ገጽ ጭምር አነበብነው። ልዩነት የለበትም። በአማራጭ ደግሞ ውሉ ይፍረስ ቢባል እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት እንዲመለሱ፣ የእትዬ ገንዘብና ለቤቱ ያወጡት ወጪ እንዲታሰብ ጠየቅን። ይህች የአማራጭ ጥያቄ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አልነበረችም። ያማረው ጥቅስ ስለነበረ አላስፈለገችም ተብሎ ነው። ክፉ ጥቅስ የሚጎዳው ሌላውን ክርክር ስለሚያዘናጋም ነው።

ጠዋት እትዬ መጡ። ቀን ላይ ልጅቷ ደስ ብሏት ስለ ውሳኔው በስልክ ነግራቸው ነበር። «ያ ጥሩው ወረቀትስ ገባ?» አሉ ገና ከበሩ ላይ። ልጅቷ ራሷ ቀርባ አስረዳቻቸው። «እትዬ፣ ያ የአንድ ዳኛ ሐሳብ ነው። ሌሎቹ አልተቀበሉትም። የተቀበሉትን ነው ማቅረብ ያለብን» አለቻቸው። እትዬ አሰብ አደረጉና «እንግዲያ እውነተኛውን አስገቡልኝ» አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፣ ገበያ ይጠብቃቸዋል።

ይግባኙ ሲሰማ ሰብሳቢው ዳኛ የጠየቁት ከባድ የሕግ ጥያቄ አልነበረም። ለሻጩ ጠበቃ «ከ21448 በኋላ የመጡትን አይተዋቸዋል?» አሉት። ለእኛ ደግሞ «ይህ ቃል የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉን። ጋሼ የውሳኔውን ሙሉ ኮፒ፣ ሁለቱን አንቀጾች በእርሳስ አስምረው፣ በችሎት ጸሐፊዋ በኩል አቀበሉ። ዳኛው እዚያው አነበቡት። ይግባኙ ሻጩ ውሉን አልካደም በሚል ምክንያት ውድቅ ተደረገ።

ነገሩ ግን አላለቀም። ሻጩ ለክልሉ ሰበር አቤት ብሏል። መልሱን የምታዘጋጀው ያችው ልጅ ናት። በዚሁ ነጥብ ላይ ገና ያልታተመ ውሳኔ መኖሩን ሰምታ አዲስ አበባ ባለች ጓደኛዋ በኩል ግልባጩን አስወጣች። ሲደርሳት ማህተሙ ያረፈው የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። በየገጹ ካልተመታ አልቀበልም ብላ መልሳ ልካዋለች።